ዳዊቱ ውስጥ የተደበቀው ደብዳቤ

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጥር 2017። ጠዋት ባሕር ዳር ልጠይቃቸው የሄድኩት ዘመዴ ጋሼ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ ሲያወጡ አንድ የታጠፈ ወረቀት አብሮ ወጥቶ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁላቸው። ክብ ማኅተም አለው። ከላይ በደማቁ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይላል። ቀና ስል ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ባለቤታቸው እታለም እዚያው ቡና እየቆሉ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«የመብራት ነው» አሉ ጋሼ፣ ቶሎ ብለው።

ዝም አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው። ያቺ መልስ ግን ቀኑን ሙሉ ከሆዴ አልወጣ አለች። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከባሕር ዳር ውቅያኖስ ተሻግሬ በምኖርበት አገር፣ ለገዛ ባለቤቴ ይህንኑ የመሰለ ውሸት ነግሬያታለሁ።

የኔን ላስቀድም።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ መኖር ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። ታክሲ ነድቻለሁ፣ የመኪና ማቆሚያ ጠብቄያለሁ፣ በመጨረሻ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ነበርኩ። ወገቤ እምቢ አለኝና ሥራ አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ የምኖረው ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የአሜሪካ መንግሥት የጡረታና የአካል ጉዳት ከፋይ፣ በየወሩ በሚያስገባልኝ 1,540 ዶላር ነው። ባለቤቴ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። የቤት ኪራዩን ተጋግዘን ነው የምንከፍለው።

አገር ቤት ያለ ሰው 1,540 ዶላር ሲሰማ በብር መትቶ ይደነግጣል። አይፈረድበትም። ግን የምበላውም የምታከመውም በዶላር ነው። ደግሞ ገንዘቡ ወዲያው አይጀምርም። የአካል ጉዳት ክፍያ ሕጉ አምስት ሙሉ ወር ያስጠብቃል። ማመልከቻው እስኪታይ የሚሄደው ጊዜ ሌላ ነው። ያንን ሁሉ ወር የኖርኩት በክሬዲት ካርድ፣ በዱቤ በሚያስገዛ ካርድ ነው። ዳቦውም፣ መድኃኒቱም፣ የስልኩም በካርድ። ክፍያው ሲጀምርልኝ የካርዱ ዕዳ 6,200 ዶላር ደርሶ ነበር። የሆስፒታሉ ለብቻው 3,900።

ፖስታዎች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ነጭ ናቸው። ቆይተው ላያቸው ላይ ቀይ ጽሑፍ ይታተምባቸዋል። አልከፈትኳቸውም። የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። ባለቤቴ «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ፖስታ?» ስትለኝ «ማስታወቂያ ነው» አልኳት። አምስት ወር እንደዚያ አለፈ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ስልክ ሲጮህ ልቤ ይመታል።

ካርቶኑን ያስከፈተችኝ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እህት ናት። ለትርፍ ያልቆመ የዕዳ ምክር ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። «ይዘኸው ና» አለችኝ። የወጥ ቤት ቢላ አንስታ አንድ በአንድ ቀደደቻቸው። ሦስት ቦታ ከመረቻቸው። የካርዱ፣ የሆስፒታሉ፣ ከዕዳ ሰብሳቢ የመጡት። ከዚያ ወረቀት ሰጠችኝና «ጻፍ» አለች።

ጻፍኩ። እኛ እንደምናውቀው ነው የጻፍኩት። በሰላምታ ጀመርኩ። ምን ያህል እንደተቸገርኩ ዘረዘርኩ። በመጨረሻ «በቅርቡ ሙሉ ዕዳዬን እከፍላለሁ» ብዬ ጨረስኩ። አነበበችው። ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በእስክርቢቶ ሰረዘቻት።

«ከየት አምጥተህ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «የማትችለውን ቃል ከገባህ ሁለተኛ አያምኑህም» አለችኝ። «ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደደረሰብህ፣ ስንት እንደሚገባልህ፣ ስንት እንደሚወጣብህ፣ ስንት መክፈል እንደምትችል፣ በቃ።»

እንደገና ጻፍኩት። እንዲህ ይል ነበር፦ «የሂሳብ ቁጥሬ ከላይ ያለው ነው። በወገብ ሕመም ምክንያት ሥራ አቁሜያለሁ፤ የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ። ገቢዬ በወር 1,540 ዶላር የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ብቻ ነው። ከቤት ኪራይ ድርሻዬ፣ ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከመብራት በኋላ የሚተርፈኝ 70 ዶላር ነው። በወር 60 ዶላር መክፈል እችላለሁ። ወለዱን ዝቅ እንድታደርጉልኝና የቅጣት ክፍያውን እንድታቆሙልኝ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልኝ።» ይኸው ነው። አንድ ገጽ አልሞላም። ኮፒውን አስቀርተን በሪኮማንዴ ላክነው፤ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ካርዱ ወደ እኛ የሚመለስበት ዓይነት።

የካርዱ ድርጅት በሦስት ሳምንት መለሰ። ለተቸገሩ ደንበኞች የተዘጋጀ አሠራር ነበረው። ወለዱን ከ27 በመቶ ወደ 9 በመቶ ለአንድ ዓመት አወረደልኝ፤ 60 ዶላሩንም ተቀበለ። ይሄ አሠራር እዚያው ነበር። እኔ አምስት ወር ካርቶን ስሞላ እነሱ ጋ ቅጹ ተቀምጧል። ሆስፒታሉ ደግሞ ለትርፍ ያልቆመ ነበር። እንደዚህ ያሉ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የሚያደርጉትን እርዳታ በጽሑፍ ማስቀመጥና ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ነው ያስገደዳቸው። ከመጀመሪያው ሂሳብ በኋላ 240 ቀን የማመልከቻ ጊዜ አለ። ጊዜው ሊያልፍ ትንሽ ሲቀረው ደረስኩ። አብዛኛውን ሰረዙልኝ።

ሌላ አንድ የቆየ የሱቅ ካርድ ዕዳ ነበረብኝ። እሱ ዕዳ ገዝቶ ለራሱ ለሚያስከፍል ሰብሳቢ ድርጅት ተሸጧል። የሰብሳቢ ነገር ከባድ ነው። ጠዋት ይደውላል፣ ማታ ይደውላል። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ እንዳለ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ መደወል አይችልም። አትደውልልኝ ብለህ በጽሑፍ ካሳወቅከው ማቆም አለበት። ዕዳው ግን አይሰረዝም። ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ደግሞ ያኔ ዝም ማለት ራስን መጉዳት ነው።

ለወገኖቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ ለካርድና ለሆስፒታል ዕዳ አይወሰድም። ሕግ ይጠብቀዋል። በቀጥታ ባንክ የሚገባ ከሆነ ባንኩ ራሱ የሁለት ወሩን ያህል ሳይነካ መተው አለበት። ወደ ሌላ ሂሳብ ካዘዋወርከው ግን ያ በራሱ የሚሠራው ጥበቃ አብሮ አይሄድም። የመንግሥት ታክስና የልጅ ቀለብ ለየት ይላሉ። ይህንን የማያውቁ ስንት አረጋውያን ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ምግባቸውን ቀንሰው፣ መድኃኒታቸውን ለሁለት ከፍለው ለሰብሳቢ የሚልኩ። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

ከሰዓት በኋላ «እስኪ ወደ ሐይቁ ወረድ እንበል» አልኳቸው። ከጊዮርጊስ ወዲያ፣ በዘንባባው ሥር፣ ቀስ እያልን ሄድን። ጋሼ 71 ዓመታቸው ነው። 36 ዓመት አስተምረዋል። በመንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላቸዋል። ሽማግሌውም፣ የባጃጅ ሹፌሩም። ልብ ያልኩት አንድ ነገር ግን አለ። በዋናው መንገድ መሄድ ሲገባን በውስጥ ዞሩ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ወደቡ አጠገብ ጀልባዎቹ ታስረዋል። ድሮ በዚህ ወር ተራ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። ፈረንጁ፣ ተሳላሚው፣ የሠርግ አጀቡ፣ ሁሉም ወደ ዘጌና ወደ ደብረ ማርያም ይጫን ነበር። አንዷ ጀልባ ሞተሯ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ላስቲኩ ላይ ሁለት ወፍ ቆሟል። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው በደንገል ታንኳው ቆሮሶ ያጠምዳል። ጋሼ ባለ ላስቲኳን ጀልባ በከዘራቸው አሳዩኝ።

«ያቺ ናት» አሉ።

ባለቤቷ የእህታቸው ልጅ ነው፣ ጎበዝ ልጅ። በ2015 መጀመሪያ፣ የሰሜኑ ጦርነት ቆመ፣ ሰላም ሆነ ሲባል፣ 180,000 ብር ተበድሮ ሞተር ገዛ። መያዣ አልነበረውም። ጋሼ የቤታቸውን ካርታ ሰጡ። ልጁ እንደ ቃሉ ይከፍል ነበር። ከዚያ ያ ዓመት ሳያልቅ፣ ክረምቱ ላይ፣ የክልላችን ግጭት መጣ። ቱሪስት ቀረ። ልጁ የቻለውን ያህል ገፋ፣ በመጨረሻ ቆመ። አሁን ቀሪው ከወለዱ ጋር 128,000 ብር ነው። ወርሃዊ ክፍያው 6,300። የጋሼ ጡረታ 4,860።

«እና ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋለሁ? እግዜር ያውቃል ብዬ ተቀመጥኩ።»

«ባንኩን አላነጋገሩም?»

ዝም አሉ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫር ጫር አደረጉ። «ደብዳቤው ላይ የፈረመው ተማሪዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ። በምን ፊቴ ነው እዚያ በር የምገባው?»

በውስጥ መንገድ የዞርንበት ምክንያት እሱ ነበር። ቅርንጫፉ ዋናው መንገድ ላይ ነው።

ባሕር ማዶ ስንኖር ስለ አገር ቤት የምናወራው ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት ነው። ወይ «እዚያ ሰው አለ፣ እዚህ ብቻችንን ነን» እንላለን። ወይ «እዚህ ሥርዓት አለ፣ እዚያ የለም» እንላለን። እኔም ሁለቱንም ብዬ አውቃለሁ። የጋሼን ወረቀት ካየሁ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ታየኝ። እሳቸው በሰው ተከበው ነው ብቻቸውን የተጨነቁት። እድር አላቸው፣ ሰንበቴ አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው። አንዳቸውም አያውቁም። እታለም እንኳ አያውቁም። እኔም ሕግና ቅጽ በሞላበት አገር ካርቶን ታቅፌ ነበር የተቀመጥኩት። ያሰረን አንድ ነገር ነው። ገመና።

ገመናን መሸፈን ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። የጎረቤትን ገመና መሸፈን በእርግጥ ጨዋነት ነው። የራስን ዕዳ ግን ከአበዳሪው መሸፈን አይቻልም። እሱ ቁጥሩን ያውቀዋል። የማያውቀው ምክንያቱን ነው። ዝም ስንል ምክንያቱን ራሱ ይሞላዋል፤ «አልፈልግም ብሎ ነው» ይላል። በድሮ ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባል ነበር። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የቀረልን ነው። ጋሼ ማንም ሳያስራቸው ያንን ሰንሰለት ለብቻቸው ይዘውት ይዞሩ ነበር።

በዚያ ላይ ጊዜው አይጠብቅም። በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። 30 ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ የሚያውቀው ወረቀቱን ደብቆ የተቀመጠ ሰው ነው። የጋሼ ወረቀት ከተጻፈ 11 ቀን ሆኖት ነበር።

«አንተ አትከፍልላቸውም ወይ?» የሚል ይኖራል። የሚገባ ጥያቄ ነው። 128,000 ብር በጊዜው ምንዛሪ ወደ 1,000 ዶላር ነው። የወር ገቢዬ ሁለት ሦስተኛ። የአውሮፕላን ትኬቴን እንኳ ልጆቼ ናቸው የገዙት። ቢኖረኝ እከፍል ነበር፤ የለኝም። ይህንንም ለጋሼ እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ቁጥሩን ጠርቼ ነገርኳቸው። ስንት እንደሚገባልኝ፣ ስንት እንደምከፍል፣ የካርቶኑን ነገር ጭምር። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ለዘመድ የደመወዜን ልክ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንተም?» አሉ። «እኔም» አልኳቸው።

ማታ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። መጀመሪያ እታለም እንዲያውቁ አደረግን። ጋሼ ወረቀቱን አውጥተው ሰጧቸው። እታለም አነበቡት። «የመብራቱ ወረቀት ይሄ ነው?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ገቢውን ጻፍን። ጡረታ 4,860። ለአንድ የኮሌጅ ተማሪ የተከራየችው ክፍል 2,500። ድምር 7,360። ወጪው ላይ ስንደርስ ጋሼ እጃቸው ከበደ። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ 3,900። የደም ግፊት መድኃኒት 650። መብራትና ውሃ 350። ከሰል 500። እድርና ሰንበቴ 250። «1,710 ይተርፋል» አሉ። «1,500 እከፍላለሁ ብለህ ጻፍ።»

«የቡናውን ለምን አልጻፍከውም?» አሉ እታለም።

«ቡና ደግሞ ይጻፋል እንዴ ለባንክ? ተዪው፣ ቡና እንተዋለን።»

«አንተውም» አሉ እታለም። «ሦስት ቀን ትተን በአራተኛው እንጠጣለን። ከዚያ ባንክ ያለውን ልጅ ዋሸነው ማለት ነው።»

እኔ 22 ዓመት ፈረንጅ አገር ኖሬ፣ አማካሪ አግኝቼ የተማርኩትን እታለም ከጀበናው አጠገብ ተነስተው ተናገሩት። ቡና 400 ተብሎ ተጻፈ። 1,310 ተረፈ። ጋሼ 1,200 ሊከፍሉ፣ የእህታቸው ልጅ ከሚነዳው ባጃጅ 2,300 ሊጨምር ተስማማን። በስልክ ጠራነውና እሱም መጣ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አለቀሰ። እሱ ሞተሩን በላስቲክ ሸፈነ እንጂ ጦርነቱን አላመጣውም።

በነጋታው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ጋ ሄድን። ጽሕፈቱ የሚያምር ሰው ነው። የጋሼን ነገር ሰምቶ ወዲያው ጀመረ። «እኔ አቅመ ደካማ፣ ጧሪ የሌለኝ፣ በእርጅና ዘመኔ ሜዳ ላይ ልወድቅ የተቃረብኩ ጡረተኛ...» እያለ። ገጹ ሞላ። አንድም ቁጥር የለበትም።

«ወንድሜ፣ ስንት መክፈል እንደሚችሉ ይጻፍበት» አልኩት።

«ቁጥር ለፍርድ ቤት ነው ጌታው። ማመልከቻ ልብ ነው የሚያራራው» አለኝ።

ሙያውን አከብራለሁ። ለስንት ችግረኛ አፍ የሆነ ሰው ነው። ግን እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ልብን ማራራት በሰውየው ልብ ላይ ይወሰናል። ዛሬ የራራ ነገ ይቀየራል፤ በምትኩ የሚመጣው ደግሞ አያውቅህም። ቁጥር ግን ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ለኮሚቴ የሚቀርብ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። በሥራ ላይ ያለ ወጣት «ቲቸር አሳዘኑኝ» ብሎ አለቃው ፊት መቆም አይችልም። «በወር 3,500 ይከፍላሉ፣ ማስረጃው ይኸው» ብሎ ግን ይቆማል።

ስለዚህ አርዕስቱንና አቀማመጡን ከእሱ ወሰድን፤ ያንን አሳምሮ ያውቃል። ቀኑ በቀኝ፣ ለማን እንደሆነ በግራ፣ መሐል ላይ «ጉዳዩ፦ የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘም ስለመጠየቅ»። ከሥሩ ያለውን ጋሼ ራሳቸው አሉት፣ እሱ ጻፈ። የብድሩ ቀንና መጠን። ክፍያው ለምን እንደቆመ በሁለት መስመር። የገቢና የወጪ ዝርዝር። በወር የሚከፈለው 3,500፣ ማን ስንት እንደሚያዋጣ። ጊዜው በአምስት ዓመት እንዲዘረጋ፣ እስኪወሰን ሐራጁ እንዲቆይ። አባሪ፣ የጡረታ ደብተር ኮፒ፣ የቤት ኪራይ ውል ኮፒ። «ከአክብሮት ጋር» ብለው ፈረሙ። የመምህር ፊርማ ነው፣ ፊደሉ አይወላገድም።

ባንኩ በር ላይ ጋሼ ቆሙ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና ቆለፉ። ገባን። መዝገብ ቤት ሰጠን፣ በኮፒያችን ላይ «ደርሶናል» ብለው ማኅተም መቱልን፣ ቁጥርና ቀን ጻፉበት። ልንወጣ ስንል ከውስጥ አንድ ወጣት ከወንበሩ ተነስቶ መጣ።

«ቲቸር!» አለ። ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። «እስከ ዛሬ የት ነበሩ? ሁለቱን ደብዳቤ ፈርሜ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሦስተኛውን ስፈርም እጄ ከብዶኝ ነው።»

ጋሼ ምንም ማለት አልቻሉም። ልጁ ማመልከቻውን ቆሞ አነበበው። ቡናው ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ኮሚቴ ያየዋል። ቃል ልገባልዎ አልችልም፣ ግን ይሄን ይዤ መቅረብ እችላለሁ» አለ።

አሜሪካ ይህ የለም። የኔን ደብዳቤ ያነበበው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። መልሱ ላይ የታተመ ፊርማ ነበር። ወለዴን የቀነሰልኝ ሰው ይሁን ማሽን አላወቅኩም፤ ላመሰግነውም አልቻልኩ። ያም ሆኖ ማንንም ሳላውቅ፣ ማንም ሳይማልድልኝ፣ መብቴ ስለሆነ ብቻ ተሰጠኝ። ይህንን ለባሕር ዳር እመኛለሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከሥሩ አንድ መስመር ቢጨመርበት ምን አለ? «መክፈል ካልቻሉ መጥተው ያነጋግሩን፤ የመክፈያ ጊዜ ማራዘም የሚቻልበት አሠራር አለ» የሚል። ጋሼ ያቺን መስመር አግኝተው ቢሆን በውስጥ መንገድ አይዞሩም ነበር። ባንኩም ገንዘቡን ቀድሞ ማግኘት ይጀምር ነበር። ቲቸር የሚል ተማሪ የሌለው ጡረተኛ ደግሞ ሞልቷል። የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛው አለ። በጡረታው ወይም በቤቱ ለልጅ፣ ለእህት ልጅ መያዣ የሆነው ሁሉ አለ።

የጡረታ ነገር ራሱ ሌላ ሕመም ነው። የኔ ክፍያ በሕግ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2023 8.7 በመቶ ጨመሩልን፣ በ2025 2.5 በመቶ። አይበቃም፣ ግን ሳንለምን ይመጣል። የጋሼ ጡረታ የሚጨመረው መንግሥት ሲወስን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 አለፈ። መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጋሼ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሲገዙ ዋጋውን ደብተራቸው ጀርባ ላይ ይመዘግባሉ። አየሁት። ቁጥሩ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው።

እኔ በጥር መጨረሻ ተመለስኩ። መጋቢት ላይ ደወልኩ። እታለም አነሱት። ኮሚቴው ወስኗል፤ በ54 ወር ዘርግተውታል። የተጠራቀመውን ቅጣት አልሰረዙም። የመጀመሪያውን 3,500 ልጁና ጋሼ አብረው ሄደው ገቢ አድርገዋል፣ በዋናው መንገድ። ጀልባዋ አሁንም እንደታሰረች ናት።

ጋሼን አቅርቡልኝ አልኩ። ጤንነታቸውን ጠየቅኩ። ከዚያ ወረቀቱን የት እንዳስቀመጡት ጠየቅኳቸው፤ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው።

«የባንኩን ውል ነው?» አሉ። «ምስማሩ ላይ ነው፣ ከመብራቱ ደረሰኝ ጋር። እታለም ናት የሰካችው።»